ሦስት ዘጠኝ የያዘው ሰው

መብራቱ ዛሬ አይመጣም፤ ተዉት። ስልካችሁንም አጥፉት፤ ይህ ወሬ በብርሃን አይወራም። ቀረብ ቀረብ በሉ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ በሩን ግጠመው። ገጠምከው? እንግዲህ የሚፈራ አሁኑኑ ይውጣ፤ ከተጀመረ በኋላ መውጣት የለም። የምነግራችሁ ሰውዬም ከተቀመጠ በኋላ መውጣት አልሆነለትም።

ሰዓቱ ስንት ነበር? በዚያ ዘመን ሰዓት ያለው ማን ነበር! ጅብ ከጎሬው የሚወጣበት፣ ሰው ቤቱ ገብቶ መወርወሪያውን የሚያስገባበት ጊዜ ነው። ጨረቃ የለችም። ከገበያው ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ይወጣል። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ እሾህ ነው። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል።

ላቀው ይባላል። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ዘሮቹ ዛሬም አሉ።

ላቀው ወገቡ ላይ ገንዘብ ታጥቋል። በሴት ሻሽ የተቋጠረ ገንዘብ ነው፤ ሃያ ሁለት ጠገራ ብር። ያ ከባዱ የጥንቱ ብር፣ ስትራመዱ ወገባችሁ ላይ የሚያወራው። ገንዘቡ የእሱ ነው? አይደለም። የማን ነው? የእንጉዳይ ነው። እንጉዳይ የጓንጉል ሚስት ናት። ጓንጉልስ? ጓንጉል የላቀው ጓደኛ ነበር፤ አንዱ ሲታመም የሌላው እናት የምታለቅስላቸው ዓይነት ጓደኛሞች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ያ ወንዝ ጓንጉልን ወሰደው። ሁለት ልጆች ትቶ ሞተ።

ከእንጉዳይ ሁለት በሬዎች አንዱ ደግሞ ላቀው ገንዘቡን በታጠቀበት ዓመት በጋ ሞተ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እንጉዳይ ወደ ላቀው ቤት መጣች።

«አያ ላቀው፣ ሴት በሬ ነድታ ገበያ ብትወጣ ይጫወቱባታል። አንተ ሽጥልኝ። እህል ልግዛበት፤ ልጆቹ እስከ መኸር ይድረሱበት» አለችው።

እንዴት እንቢ ይላል? «እሺ እህቴ» አለ። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ ሰጠችው፤ «በዚህ ቋጥረው» አለችው።

ላቀው በመንደሩ የተመሰገነ ሰው ነው። ለምን ተመሰገነ? እሱና ጓንጉል ድሮ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ካርታው ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደው ነው አሉ። ጓንጉል ከሞተ ወዲህ ግን ላቀው ካርታ በእጁ አልነካም። ሰዉ «ለጓደኛው ሐዘን ብሎ ተወው» አለ። ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ሲመክሩ «እንደ ላቀው ሁኑ» ይላሉ። ላቀው ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። ሰዉ ደግሞ «አያችሁ ትሕትናውን» ይላል።

ትሕትና ይመስላችኋል? ቆዩ።

እንግዲህ ቁልቁለቱን ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወንዙ አጠገብ ሲደርስ ምን ሰማ? ውሃ ሰማ። የሚያገሳ ውሃ። ወሩ ሚያዝያ ነው። በሚያዝያ ያ ወንዝ ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ጠዋት በሬውን እየነዳ ሲያልፍ ከድንጋይ ድንጋይ ረግጦ ነው የተሻገረው። አሁን ግን መልካው፣ ያ መሻገሪያው፣ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው።

«ደጋው ዘንቦ ይሆናል» አለ። ሰማዩን አየ። ሰማዩ ኮከብ ነው። «ደጋው ዘንቦ ይሆናል» አለ እንደገና። ሰው ሲፈራ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይላል።

ወዲያው ከሾላው ሥር እሳት አየ። ሦስት ሰዎች እሳቱን ከበው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ላቀው ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። እናንተስ ብትሆኑ ደስ አይላችሁም ነበር?

«እንደምን አመሻችሁ?» አላቸው።

«ደህና» አሉት።

ሰው እንደምን አመሸህ ሲባል ምን ይላል? እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እነዚህ አላሉም። ደህና ብለው ዝም አሉ። ላቀው አላስተዋለም። እናንተ ግን አስተዋላችሁ።

«ውሃው እስኪጎድል ተቀመጥ» አለው አንደኛው።

ተቀመጠ። እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። እሳቱ ያበራል፤ አያሞቅም። «በርዶኝ ነው» አለ በልቡ። የተቀመጡበት መሬት ርሶ ጭቃ ሆኗል። «ውሃው እዚህ ደርሶ ተመልሶ ነው» አለ በልቡ። ለሁሉም ነገር መልስ ነበረው።

ከዚያ አንደኛው ከጋቢው ሥር ካርታ አወጣ።

ላቀው ካርታውን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ሦስት ዓመት! «እኔ እንኳ ትቻለሁ» አለ።

«እስኪነጋ ምን ልታደርግ ነው? ጥቂት ተጫወት፤ ውሃው ሲጎድል ትሄዳለህ» አለው ሰውዬው።

ላቀው ዞር ብሎ ወደ መንገዱ አየ። ማን ያየዋል? ማንም። ሰው በማንም አለመታየቱን ሲያረጋግጥ ነው የሚዋረደው፤ ይህን ከእኔ ስሙ። የራሱ ሁለት ብር በኪሱ ነበረው። «በሁለቷ ብቻ» አለና ጠጋ አለ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ለሰው ሦስት ሦስት ካርታ ይታደላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት የሆኑለት የቀረውን ሁሉ ይበላል። ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት አንድ ዓይነት ቢይዙ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ የሁሉም የበላይ ንጉሡ ነው። ገንዘብ ታስይዛለህ። ባላጋራህ ወይ እኩል አስይዞ «አየሁህ» ይላል፤ ያን ጊዜ ካርታው ይገለጣል። ወይ ካርታውን ጥሎ «ሸሸሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ ያስያዘው ይበላል፣ የአንተም ካርታ ምን እንደነበር ማንም ሳያውቀው ይቀራል። በቃ። አየሁህ፣ ወይም ሸሸሁ።

ተጫወቱ። ላቀው በላ። እንደገና በላ። ሁለቷ ብር ስምንት ሆነች። ልቡ እንደ ድሮው ሞቀ። የድሮ ሳቁ መጣ፤ የድሮ ቀልዱም መጣ። ቀለደ፤ ማንም አልሳቀም።

ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ትንሽ ትንሽ ይናገራሉ። ሦስተኛው፣ ከላቀው ፊት ለፊት የተቀመጠው፣ ቃል አልተነፈሰም። ጋቢው ከግንባሩ ወርዶ ፊቱን ሸፍኖታል። የሚታየው እጁ ብቻ ነው። እጁ እንዴት ያለ ነው? ነጭ ሆኖ የተጨማደደ፣ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው እጅ።

ካርታ ታደለ። ላቀው አንዱን ገለጥ አድርጎ አየ። ዘጠኝ። ሁለተኛውን አየ። ዘጠኝ። ሦስተኛውን አየ። ምን ሆነ? ዘጠኝ።

ሦስት ዘጠኝ! በሕይወቱ ሦስት አንድ ዓይነት የያዘበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ፊቱን አጠነከረ። አንድ ብር አስያዘ። አንደኛው ሰው ካርታውን ጣለ፤ «ሸሸሁ» አለ። ተነሣና ወደ ወንዙ ሄደ። ሁለተኛውም ካርታውን ጣለ፤ «ሸሸሁ» አለ። ተነሣና ወደ ወንዙ ሄደ። ላቀው «ሽንታቸው መጥቶ ነው» አለ። ግን ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይንቦጫረቃል አይደለም? ምንም አልተሰማም። አልተመለሱምም።

ሁለት ሰው ቀረ። ላቀውና ያ ዝምተኛ።

ዝምተኛው እጁን ከጋቢው ሥር አስገባና ከረጢት አወጣ። ብሩን ዘረገፈው። ቆጠረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ። ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ መሀል ገፋው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ተናገረ።

«ሠላሳ» አለ።

ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው።

ላቀው ስንት አለው? የራሱ ስምንት ነው። በሻሹ ያለው ሃያ ሁለት ነው። ሃያ ሁለትና ስምንት ስንት ነው? ሠላሳ። ሰውዬው እንዴት አወቀ? ላቀው ይህን አሰበ፤ ግን ብዙ አላሰበውም። ዓይኑ መሀል ላይ ያለው ብር ላይ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ሸሸሁ» ቢል የሚያጣው አንዷን ብር ብቻ ነው። ሰባት ብር ይዞ፣ የእንጉዳይን ገንዘብ በሻሹ እንደተቋጠረ ይዞ፣ ቤቱ ይገባል። ማንም አያውቅም። «አየሁህ» ቢል ግን ሻሹን መፍታት አለበት።

ተቀመጠ። አሰበ። ሦስት ዘጠኝን የሚበልጠው ስንት ነው? ጥቂት ነው። ቁማርተኛ እንዴት እንደሚያስብ ታውቃላችሁ? እንዲህ አለ በልቡ፦ «ጥሩ ካርታ የያዘ ሰው እንዲህ አያደርግም። ጥሩ የያዘ ሰው በትንሽ በትንሹ ያስጠጋሃል፤ ሁለት ያስይዛል፣ አምስት ያስይዛል። ሠላሳ በአንድ ጊዜ የሚገፋ ሰው እንድሸሽለት የሚፈልግ ሰው ነው። ባዶ ነው። አስፈራርቶኝ ነው።»

ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ገንዘቡ የእንጉዳይ ነው።» ደግሞ መለሰ፦ «ብበላ ለእሷ ነው። እጥፍ አድርጌ እሰጣታለሁ። በሬ በበሬ ላይ ትገዛለች። የሙት ልጆች ይጠግባሉ። ጽድቅ ነው።»

ሰማችሁ? ጽድቅ ነው አለ! እጁ ወደ ሻሹ ሄደ። ቋጠሮውን ነካና ተመለሰ። ሄደ፤ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው እጁን አነሣ። ያን የተጨማደደ እጁን አነሣና ከጋቢው ሥር አስገብቶ የግራ ጆሮውን አሸት፣ አሸት አደረገ።

ላቀው ደርቆ ቀረ።

ምክንያቱም በዓለም ላይ ካርታ ይዞ ሲዋሽ የግራ ጆሮውን የሚያሽ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጓንጉል ነው። ይህን የሚያውቀውም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ላቀው ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ መንደሩ የሚያውቀውን ነው። አሁን ላቀው የሚያውቀውን ስሙ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ገበያ ውለው ጠላ ቤት ገቡ። ካርታ አወጡ። ጓንጉል ያለውን ሁሉ ተበላ። በመጨረሻ በቅሎውን አስያዘ። በቅሎዋን አስይዞ ጆሮውን አሸ። ላቀው አየው፤ ባዶ መሆኑን አወቀ። ጓንጉልም መታወቁን አወቀ፤ ዓይኑ «ሽሽልኝ» ብሎ ለመነው። ወንድም ቢሆን ምን ያደርጋል? ይሸሽለታል። ላቀው ግን «አየሁህ» አለ። እየሳቀ አለው። በቅሎዋን ወሰደ።

ሲመሽ ወደ ቤት ተነሡ። ላቀው በበቅሎዋ ላይ፣ ጓንጉል በእግሩ። ወንዙ ሞልቷል። ጓንጉል የበቅሎዋን ጭራ ያዘና «ላቀው፣ ወንድሜ፣ ከኋላህ አፈናጥጠኝ» አለ። ላቀው ሞቅ ብሎት ነበር። ቀልድ መጣለት። «ነገ ገንዘብ ይዘህ ናና ግዛት፤ ያን ጊዜ ትቀመጥባታለህ» አለው። ተሻገረ። መሀል ወንዝ ላይ ከኋላው አንድ ጊዜ ጥሪ ሰማ። «ላቀው!» የሚል። ሰማ። አልዞረም። ይመጣል ብሎ ነው። ሽቅብ ወጣና ቤቱ ገብቶ ተኛ።

ጠዋት የጓንጉል ሬሳ ከታች ከመታጠፊያው ተገኘ። ላቀው ለመንደሩ ምን አለ? «በቅሎዋን ቀን በገበያ ሸጠልኝ። ገንዘቡን ይዞ ሲጠጣ ቀረ፤ እኔ ቀድሜው መጣሁ» አለ። ሙቱን ሰካራም አደረገው። በቀብሩ ላይ ከላቀው በላይ ያለቀሰ የለም። በዚህም ተመሰገነ።

አሁን ገባችሁ አንገቱን ለምን እንደሚደፋ?

እንግዲህ ወደ ሾላው ሥር እንመለስ። ላቀው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አወቀ። ሙት መሆኑን አወቀ። አሁን ልጠይቃችሁ። ሙት መሆኑን ሲያውቅ መጀመሪያ ምን አሰበ? ልሩጥ አለ? አላለም። ማረኝ፣ ይቅር በለኝ አለ? አላለም። በስመ አብ አለ? እሱንም አላለም። የመጀመሪያ ሐሳቡ ይህ ነበር፦

«ጓንጉል ከሆነ እየዋሸ ነው።»

ላቀው ሸምግሎ ሊሞት ሲል ይህን ሲናገር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የተናገረው። ሌላውን ሁሉ ቀና ብሎ ተናግሯል። ይህን ግን ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው።

ሻሹን ፈታ። ሃያ ሁለቱን ከስምንቱ ላይ ጨመረ። ወደ መሀል ገፋው። ከዚያ አለ። ምን አለ?

«አየሁህ።»

ሰውዬው ካርታውን አልገለጠም።

«እርግጠኛ ነህ?» አለ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«በምን አወቅህ?»

የላቀው ዓይን ወደ ሰውዬው ግራ ጆሮ በኩል ሄደ።

«ጆሮዬን አይተህ ነው?»

ላቀው አዎን ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሰውዬው ጋቢውን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ ገፈፈ። ጓንጉል ነው። እንዳለ ጓንጉል ነው። ከጠጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከአፍንጫው ውሃ ይወርዳል። በግራ ጆሮው ቀጭን ውሃ ኩልል ይላል፤ ያብሰዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል።

«ያን ጊዜስ ስዋሽ ነበር የማሸው» አለው። «አሁን ግን ውሃ ገብቶበት ነው፣ ላቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጣልኝም።»

ካርታውንም ገለጠ። ንጉሥ። ንጉሥ። ንጉሥ።

ብሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ከሻሹ የወጣውን መልሶ በሻሹ ቋጠረው። ያን ጊዜ ነው ላቀው የጮኸው።

«ጓንጉል! አትውሰደው! የእኔ አይደለም፤ የእንጉዳይ ነው! የልጆችህ ነው!»

ጓንጉል ቀና ብሎ አየው። «አሁን የእንጉዳይ ሆነ?» አለው። «ስታስይዘው የማን ነበር?»

ጓንጉል መልሱን አልጠበቀም። ቋጠሮውን ይዞ ተነሣ፤ ወደ ውሃው ሄደ፤ ውሃው ውስጥ ገባ። እሳቱ ጠፋ። ድርግም! የውሃውም ጩኸት አብሮ ጠፋ። ላቀው በጨለማ እየዳሰሰ ወደ መልካው ወረደ። እግሩን አስገባ። ምን ነካው? ደረቅ ድንጋይ። በሚያዝያ ያ ወንዝ ቁርጭምጭሚት አይሞላም ብያችሁ የለ?

ዓቀበቱን በአራት እግሩ ወጣው ማለት ይቀላል። እየወጣ ምን አሰበ? አሁንስ እውነቱን ሊናገር ነው ብላችሁ ይሆናል። ሙት አይቶ የተመለሰ ሰው ይዋሻል?

ይዋሻል። ከመንደሩ በታች ቆመና ሸሚዙን ቀደደ። አፈር አንሥቶ ፊቱን ቀባ። ክንዱን በእሾህ ጫረ። ሊነጋጋ ሲል የእንጉዳይ ደጅ ደርሶ ጩኸቱን ለቀቀው።

«ሽፍታ! ሽፍታ ዘረፈኝ! አራት ናቸው፤ የበሬውን ገንዘብ ወሰዱብኝ!»

ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ወንዶቹ ዱላና ጦር ይዘው መጡ። አባ ተድላ የሚባሉ ሽማግሌ «በየት በኩል ሄዱ?» አሉት። «ወደ ቆላው» አለ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ታጠቁ። «እግዜር አተረፈህ» አሉት። አንዲት ሴት ክንዱን አይታ አለቀሰች። የክንዱን ደም ልታጥብለት ውሃ ይዛ መጣች።

የእንጉዳይ በር ተከፈተ። እንጉዳይ ወጣች። ራሷ ላይ ሻሽ የለም። ዓይኗ ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ጩኸቱን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሰችና አንድ ነገር ይዛ መጣች። ሻሿን። ቋጠሮው እንዳለ ነው። ውሃ ይንጠባጠብበታል።

«አያ ላቀው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ዶሮ ሳይጮህ በሩ ተንኳኳ። ብወጣ ማንም የለም። ይህ ደፉ ላይ ነበር። ቆጠርኩት፤ ሃያ ሁለት ነው፤ አልጎደለም። አንተ በሌሊት መጥተህ፣ እንዳትቀሰቅሰኝ ብለህ ትተኸው የሄድክ መስሎኝ ነበር። እስካሁን ስመርቅህ ነበር የቆየሁት።»

ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። አንዱ ሻሹን አየ፣ ላቀውን አየ። ሌላው ሻሹን አየ፣ ላቀውን አየ። ያቺ ውሃ ይዛ የመጣችው ሴት ውሃውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ይህን ዝምታ ታውቁታላችሁ? አታውቁት ከሆነ አያሳውቃችሁ።

ላቀው እዚያው ቁጭ አለ። ተናገረ። ሁሉንም ተናገረ። ጠላ ቤቱን፣ በቅሎዋን፣ ቀልዱን፣ ጥሪውን፣ ከሾላው ሥር የሆነውን። ያችን የመጀመሪያ ሐሳቡን ብቻ አስቀረ። ሲጨርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

እንጉዳይ አላለቀሰችም። «በቅሎዋንስ አውቅ ነበር» አለች።

«ምን?» አለ ላቀው።

«የጠላ ቤቷ ሴትዮ ነግራኛለች። በአርባው መጥታ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። በካርታ እንደበላሃት፣ አብራችሁ እንደወጣችሁ። ከወንዙ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የማላውቀው።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁህ። እንጨት ስትፈልጥልኝ ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። ልጆቹን ልታይ ስትመጣ ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። በሬውንም የሰጠሁህ ለዚሁ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ብቻውን ሲመለስ ያስብበታል፣ ማታ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ነው።»

ላቀው «ገንዘቡን አምነሽኝ?» አለ።

«ገንዘቡንማ አልተጠራጠርኩህም» አለች እንጉዳይ። «ይህን ያህልስ አልገመትኩህም።»

ሻሿን ጨመቀችው። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ገባችና በሯን ዘጋች። አልጮኸችበትም፤ አልረገመችውም። አባ ተድላ ወንዶቹን «ወደየቤታችሁ» አሏቸው። ሄዱ። ላቀው በተቀደደ ሸሚዙ ደጇ ላይ ብቻውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በቅሎዋን ለጓንጉል ትልቁ ልጅ ሰጠው፤ ልጁ ተቀበለው፣ ግን እግዜር ይስጥልኝ አላለውም። ማኅበርተኛው ከማኅበር አላስወጣውም። ሰላም ይሉታል፤ ሰላም ይላል። «እንደ ላቀው ሁኑ» የሚል ሽማግሌ ግን ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፦ ላቀው ብቻውን መንገድ አይሄድም። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን አይሄድም። ገበያ መውጣት ሲያስፈልገው ከመንደሩ መውጫ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ሴት ብታልፍ ከሴት ጋር፣ ሕፃን ቢያልፍ ከሕፃን ጋር ይሄዳል። ልጆች ይስቁበት ነበር። ይሳቁ። እነሱ ምን ያውቃሉ?

እኔም ለእናንተ የምለው ይኸው ነው። በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። ጅብ ይበላችኋል ብዬ አይደለም፤ ጅብ በዱላ ይመለሳል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያልተናገረውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ያን የሚሰበስቡ ደግሞ መንገድ ዳር ይጠብቃሉ። እንደምን አመሻችሁ ብላችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ካላሏችሁ፣ አትቀመጡ። ውሃ ሞልቷልና ቆይ ቢሏችሁ አትቀመጡ።

ወሬዬ ይኸው ነው፤ የሰማ ያድርሰው፣ ያልሰማ ይደርስበታል። በሉ ተነሡ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። እናንተ በላይኛው መንገድ? ጥሩ። እናንተስ አብራችሁ ናችሁ? ጥሩ። ወደ ወንዙ በኩል የሚሄድ ማነው? አንተ? ብቻህን?

ተቀመጥ። እዚሁ ታድራለህ።